ትሬሞሎ ያለ «ግልቢያ»፦ ለክላሲካል ጊታር ተማሪዎች የቀኝ እጅ መመሪያ

«ቀጭኑ ክር ላይ ድምፁ ሳይቋረጥ የሚንቆረቆረው እንዴት ነው? እኔ ስሞክረው ለምን እንደ ፈረስ ግልቢያ ይሆንብኛል?» ጊታር የማስተምራቸው ሰዎች ኮርድና አርፔጂዮ (የኮርድን ድምፆች አንድ በአንድ መምታት) ደህና አድርገው ከያዙ በኋላ ይህን ጥያቄ ይዘው መምጣታቸው አይቀርም። አብዛኞቹ የስፔናዊውን ጊታር ተጫዋች የፍራንሲስኮ ታሬጋን የትሬሞሎ ሥራ፣ «የአልሃምብራ ትዝታዎች»ን፣ ሰምተው ነው የሚመጡት። መልሱን ለእያንዳንዱ ሰው በየተራ ከምደግመው ብዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዚህ ጻፍኩት። በቅደም ተከተሉ ሂዱ። ደረጃ ዘሎ የሄደ ሰው ከወራት በኋላ ተመልሶ ከ3ኛው ደረጃ ሲጀምር ደጋግሜ አይቻለሁ።

ትሬሞሎ አራት ምት ነው። አውራ ጣት ከወፍራሞቹ ክሮች አንዱን ይመታል፤ ከዚያ ቀለበት ጣት፣ መሃል ጣትና ሌባ ጣት በዚሁ ተራ አንድ ቀጭን ክር ይመታሉ። የጊታር ድምፅ ከተመታ ጀምሮ እየሞተ ነው የሚሄደው። ሦስቱ ጣቶች ከመሞቱ በፊት ቶሎ ቶሎ ስለሚያድሱት ጆሯችን አንድ የተዘረጋ ዜማ ይሰማል። ይህ የሚሆነው ግን በአራቱ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ እኩል ከሆነ ነው። እኩል ያልሆነ ትሬሞሎ የቱንም ያህል ቢፈጥን ይነክሳል እንጂ አይንቆረቆርም።

ኖታ ላይ የቀኝ እጅ ጣቶች የሚጻፉት በስፔንኛ ስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ነው፦ ፒ አውራ ጣት፣ ኢ ሌባ ጣት፣ ም መሃል ጣት፣ አ ቀለበት ጣት። ስለዚህ ትሬሞሎ ማለት ፒ-አ-ም-ኢ ነው። ክሮቹን ደግሞ ከቀጭኑ 1 ጀምረን እስከ ወፍራሙ 6 እንቆጥራለን።

ከመጀመራችሁ በፊት ራሳችሁን ፈትኑ። ፒ-ኢ-ም-አ አርፔጂዮን በአራት የተለያዩ ክሮች ላይ፣ በሜትሮኖም 60 (ምት ቆጣሪው በደቂቃ 60 ጊዜ ሲመታ)፣ በአንድ የሜትሮኖም ምት አራት ድምፅ እያወጣችሁ ለሁለት ደቂቃ ሳትደናቀፉ መጫወት ትችላላችሁ? ካልቻላችሁ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። አራቱ ጣቶች የየራሳቸው ክር ላይ ተራቸውን ካላወቁ ሦስቱ አንድ ክር ላይ ሲገናኙ መጋጨታቸው አይቀርም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የናይለን ክር ያለው ክላሲካል ጊታር። የአንገቱ ስፋት ከላይ በኩል 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ክሮቹ ተራርቀው ስለሚቀመጡ ጣት በመካከላቸው ይገባል።
- ሜትሮኖም። ስልክ ላይ የሚጫነው ነፃ አፕ ይበቃል።
- ደቃቅ የጥፍር ሞረድና በጣም የለዘበ ብርጭቆ ወረቀት።
- የግራ እግር ማስቀመጫ፣ ከ12 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው። ጠንካራ ሣጥን ወይም የተደራረቡ ጡቦችም ይሠራሉ።
- ንጹሕ ካልሲ ወይም የታጠፈ ጨርቅ። ለምን እንደሆነ 5ኛው ደረጃ ላይ ታያላችሁ።
- ድምፅ መቅረጫና ቪዲዮ ማዘግያ ያለው ስልክ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ድምፁ ይጉላ» ብላችሁ ክላሲካል ጊታር ላይ የብረት ክር አትግጠሙ። የብረት ክር ከናይለን ክር እጥፍ ገደማ ይስባል። ጊታሩ የተሠራው ለዚያ ጉልበት ስላልሆነ ክሮቹ ከታች የሚታሰሩበት ብሪጅ ይነቀላል፤ አንገቱም ይጎብጣል። ያላችሁ ጊታር ለብረት ክር ተብሎ የተሠራ ከሆነ ደግሞ የጣቶቹን ተራ ልትማሩበት ትችላላችሁ፤ ጥፍራችሁን ግን በየቀኑ እየፋቀ ይጨርሰዋል።

ደረጃ 1፦ ጥፍራችሁን አዘጋጁ

መዳፋችሁን ወደ ፊታችሁ አዙራችሁ ጣቶቻችሁን ዐይናችሁ ትክክል አድርጉ። ጥፍሩ ከሥጋው ጫፍ በላይ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ብቅ ማለት አለበት። የአውራ ጣት ትንሽ ሊረዝም ይችላል። ሞረዱን የጣታችሁን ጫፍ ቅርጽ ተከትላችሁ ሳቡ። ከዚያ የጥፍሩን ጠርዝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሥር ያለውን ገጽ፣ በለዘበው ብርጭቆ ወረቀት እንደ መስታወት እስኪያበራ ድረስ አልስልሱት።

ይህን ያህል የምጨነቅበት ምክንያት አለኝ። ትሬሞሎ ላይ ጥፍር ክሩን ነክቶ የሚያልፍበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ረጅም ወይም ሸካራ ጥፍር ክሩ ላይ ለቅጽበት ይያዛል፤ ያቺ ቅጽበት ናት እንግዲህ ያ ጣት ሁልጊዜ እንዲዘገይ የምታደርገው። ብዙ ሰው ጣቴ ሰነፈ ይላል፤ ጥፍሩ ሲስተካከል ስንፍናው አብሮ ይጠፋል። ሦስቱ ጣቶች በሚያወጡት ድምፅ ተመሳሳይ እንዲሆኑ የሦስቱም ጥፍር ርዝመት ተመሳሳይ ይሁን።

ደረጃ 2፦ እጃችሁን አስቀምጡ

ክንዳችሁ ከክርን ዝቅ ብሎ የጊታሩ ጠርዝ ላይ ይረፍ፤ ትከሻችሁ ይውረድ። የእጅ አንጓ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ሳይሰበር ከክንዱ ጋር ቀጥ ብሎ ይሂድ። ጣቶቻችሁ ብርቱካን እንደያዘ እጅ ክብ ይሁኑ። አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ፊት፣ ወደ ጊታሩ አንገት በኩል ይቅደም፤ ከላይ ስታዩት አውራ ጣትና ሌባ ጣት የመስቀል ቅርጽ ይሠራሉ። አውራ ጣት መዳፍ ውስጥ ከገባ ግን መንገዱ ከሌባ ጣት መንገድ ጋር አንድ ስለሚሆን ይጋጫሉ።

ጣት የሚንቀሳቀሰው ከመዳፉ ጋር ከሚገናኝበት ከትልቁ መገጣጠሚያ ነው። ጫፉን ብቻ የሚቆለምም ሰው ቀስ ሲል ይሠራለታል፤ ሲፈጥን ይደርቅበታል።

ደረጃ 3፦ ክር ላይ ቀድሞ ማረፍ

የዚህ መመሪያ ልብ እዚህ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ እንኳ ይህን አትዝለሉ።

ሀ. ፒን 5ኛው ክር ላይ አሳርፉ። አ፣ ም እና ኢ ከ2ኛው ክር በላይ ተንጠልጥለው ይጠብቁ።

ለ. ፒ ይምታ። ልክ በመታበት ቅጽበት አ ወርዶ 2ኛው ክር ላይ ይረፍ፤ ገና አይምታ።

ሐ. አ ይምታ። በዚያው ቅጽበት ም መጥቶ እዚያው ክር ላይ ይረፍ። አ ያወጣው ድምፅ በም ማረፍ ቀጥ ይላል። ትክክል ነው፤ እንዲቋረጥ ነው የምንፈልገው።

መ. ም ይምታ፣ ኢ ይረፍ። ኢ ይምታ፣ ፒ 5ኛው ክር ላይ ይረፍ።

ድምፁ እንደ ቧንቧ ጠብታ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ይሆናል፦ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ደስ አይልም፤ ግን ጥቅሙ ትልቅ ነው። ክሩ ላይ አስቀድሞ ያረፈ ጣት ክሩን አየር ላይ ሆኖ አይፈልገውም። የት እንዳለ ያውቃል፤ የቀረው መምታት ብቻ ነው። ስትፈጥኑ ይህ ማረፍ እየጠበበ ሄዶ ከዐይን ይሰወራል፤ ጣቶቻችሁ ግን አይረሱትም።

ሌላም ነገር ተከታተሉ። የመታ ጣት ወዲያው መላላት አለበት። አ ከመታ በኋላ ወደ መዳፍ በኩል አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሄዶ በራሱ ይመለስ። እንደ ቀጥ ያለ እርሳስ ወደ ውጭ ከተዘረጋ ውጥረት አለ ማለት ነው፤ ለመመለስም ረጅም መንገድ ይቀረዋል። ቀለበት ጣት ከመሃል ጣት ጋር በጅማት የተያያዘ ስለሆነ ለብቻው መንቀሳቀስ ይከብደዋል። ይህ የእናንተ ጉድለት አይደለም፤ ሁላችንም እንዲሁ ነን። ስለዚህ ለእሱ ታገሡት።

ይህን ደረጃ በሜትሮኖም 60፣ በአንድ ምት አንድ ድምፅ ብቻ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሥሩት።

ደረጃ 4፦ በ2ኛው ክር ላይ ቆዩ

ሁሉም ሰው 1ኛው ክር ላይ መጀመር ይፈልጋል፤ ከታቹ ሌላ ክር ስለሌለ ጣት ቢስትም አይታወቅበትምና። 2ኛው ክር ግን በሁለት ክር መካከል ነው። አቅጣጫውን የሳተ ጣት ወዲያው 1ኛውን ወይም 3ኛውን ይነካል፤ ስሕተቱም ይሰማል። በጠባብ መንገድ የለመደ ጣት ሰፊው ላይ አይቸገርም። ማረፉን ሳትለቁ በአንድ ምት ሁለት ድምፅ (ፒ-አ ፣ ም-ኢ)፣ ቀጥሎ በአንድ ምት አራት ድምፅ አድርጉ። ሜትሮኖሙን ከ40 ጀምሩ።

ደረጃ 5፦ ግልቢያውን አጥፉ

ጠረጴዛ ላይ ቀለበት፣ መሃል፣ ሌባ ጣታችሁን በተራ አንኳኩ። ያለ ምንም ትምህርት ይሮጣሉ አይደል? ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። አ-ም-ኢ በተፈጥሮው ይቸኩላል፤ ፒ ደግሞ ሌላ ክር ላይ፣ በሌላ አቅጣጫ ስለሚሠራ ይዘገያል። አንድ ተማሪዬ ቀለበት ጣቱ እንደደከመ እርግጠኛ ሆኖ ወራት ለፍቶበት መጣ። ስልክ ላይ ቀርጸን በግማሽ ፍጥነት ስናጫውተው የተሰማው እንዲህ ነበር፦ ፒ — አምኢ —— ፒ — አምኢ ——። ቀለበት ጣቱ ጤነኛ ነው። የጠፋው ከኢ በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ ሌባ ጣቱ ተቻኩሎ ይመታና አውራ ጣቱን ቆሞ ይጠብቃል። እናንተም ቅረጹና በግማሽ ፍጥነት ስሙ፤ በሙሉ ፍጥነት የራሳችን ጆሮ ያባብለናል።

መድኃኒቱ ሦስት ልምምድ ነው።

አንደኛ፣ ጨርቁ። ካልሲውን ብሪጁ አጠገብ ከክሮቹ ሥር ሰክታችሁ ተጫወቱ። ድምፁ ታፍኖ እንደ ከበሮ ጠቅ ጠቅ ይላል። የክሩ ማስተጋባት ስለማይኖር ያልተስተካከለ ምት መደበቂያ ያጣል። በየቀኑ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ጫና ማዘዋወር። አራት ዙር ፒን ጎላ አድርጋችሁ፣ አራት ዙር አን፣ አራት ዙር ምን፣ አራት ዙር ኢን። ኢ ሲጎላ ዜማው የተገለበጠ ይመስላችኋል፤ ያ ግራ መጋባት ጣቱ እስካሁን ሳያስብበት ይሄድ እንደነበር ያሳያል። የትኛው ጣት ጫናውን ሊወስድ እንዳልቻለ ልብ በሉና ነገ ከእሱ ጀምሩ።

ሦስተኛ፣ ረጅምና አጭር። ፒ ረጅም፣ አ አጭር፣ ም ረጅም፣ ኢ አጭር፤ ከዚያ ገልብጡት። ይህ በእያንዳንዱ ሁለት ጣት መካከል ያለውን ፈጣን ሽግግር ለየብቻው ያስተምራል። በተለይ ኢ አጭር ሆኖ ወደ ፒ ሲዘል የጠፋው ቦታ ይሞላል።

በአእምሯችሁም አቧደኑን ቀይሩት። «ፒ-አ-ም-ኢ» እያላችሁ ከማሰብ «አ-ም-ኢ-ፒ» በሉ፤ ፒ መነሻ ሳትሆን መድረሻ ትሁን። ከኢ በኋላ እረፍት የምናደርገው ሐረጉ እዚያ ያለቀ ስለሚመስለን ነው።

ደረጃ 6፦ ፍጥነት ጨምሩ

ሁለት መንገድ አለ፤ ሁለቱንም በየቀኑ ሥሩ።

መሰላሉ፦ በአንድ ምት አንድ ሙሉ ዙር። ለሦስት ደቂቃ ያለ ግልቢያና ያለ ውጥረት ከሄደ 4 ቁጥር ጨምሩ። ካልሄደ 8 ቀንሱ። 60 ላይ በሰከንድ 4 ድምፅ ታወጣላችሁ፤ 120 ላይ 8። ለእኔ ጆሮ ነጠብጣቡ ወደ ጅረት መለወጥ የሚጀምረው 120 አካባቢ ነው።

ፍንዳታው፦ መሰላሉ ብቻውን ጣትን ፈጣን አያደርግም፤ የዝግታ እንቅስቃሴና የፍጥነት እንቅስቃሴ ይለያያሉና። ስለዚህ ከምትችሉት በላይ በሆነ ፍጥነት ፒ-አ-ም-ኢ-ፒ ብላችሁ ፒ ላይ ቁሙ። አምስት ድምፅ ብቻ። ትከሻችሁን፣ ክንዳችሁን፣ መንጋጋችሁን ፈትሹ፤ የተወጠረ ካለ አላሉት። ከዚያ ድገሙ። አምስቱ ሲቀልላችሁ ዘጠኝ፣ ቀጥሎ 13፣ ቀጥሎ 17 ድምፅ። ሁልጊዜ መቆሚያው ፒ ነው።

ደረጃ 7፦ አውራ ጣት ይጓዝ

እስካሁን ፒ 5ኛው ክር ላይ ነበር። አሁን በየዙሩ ከ6 ወደ 5፣ ወደ 4፣ ወደ 3 ይሂድና ይመለስ። እጃችሁ አብሮት ከተጓዘ ሦስቱ ጣቶች ዒላማቸውን ያጣሉ፤ ስለዚህ የሚንቀሳቀሰው አውራ ጣት ብቻ ይሁን፣ ከሥሩ፣ ከእጅ አንጓው አጠገብ ካለው መገጣጠሚያ። ስልካችሁን ፊት ለፊት አቁማችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፤ የእጃችሁ ጀርባ መቆም አለበት። ፒ 3ኛው፣ ጣቶቹ 2ኛው ክር ላይ ሲሆኑ መንገዱ በጣም ይጠብባል። እዚያ ስትደርሱ ዝግ በሉ።

ፒ ብርቱ ስለሆነ ዜማውን መዋጥ ይወዳል። ፒ በለሆሳስ፣ አ ደግሞ ጠንከር ብሎ ይምታ።

ደረጃ 8፦ ግራ እጅ ይግባ፣ በትዝታ

መጽሐፍ ላይ ያሉትን ከባድ የሙዚቃ ሥራዎች ከመክፈታችሁ በፊት የግራ እጅ ሥራው ቀላል የሆነ፣ ጆሯችሁ የሚያውቀው ነገር ይኑራችሁ። እኔ የምሰጠው የትዝታ ማይነርን ነው፤ ከላ ሲነሳ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ነው፤ ሁሉም 1ኛው ክር ላይ ይገኛል፦ ባዶው ክር ሚ፣ 1ኛ ፍሬት ፋ፣ 5ኛ ፍሬት ላ፣ 7ኛ ፍሬት ሲ፣ 8ኛ ፍሬት ዶ። ባሱ (ፒ የሚመታው ወፍራም ድምፅ) ባዶ 5ኛ ክር (ላ) እና ባዶ 6ኛ ክር (ሚ) ነው። ሁለቱም ቅኝቱ ውስጥ ስላሉ የትም ብትቆሙ አያጣላም።

በእያንዳንዱ ድምፅ ላይ ሁለት ዙር ሥሩ፦ የመጀመሪያው ዙር ፒ 5ኛው ላይ፣ ሁለተኛው 6ኛው ላይ። ከሚ ወደ ዶ ውጡና በዚያው ተመለሱ። የግራ እጅ ጣት ቦታ የሚቀይረው ልክ ፒ በሚመታበት ቅጽበት ነው። ያኔ ባሱ ክፍተቱን ይሸፍናል፤ ጣቱም አ እስኪመታ ድረስ የአንድ ድምፅ ጊዜ ያገኛል። ቀድሞ ከተነሳ የኢ ድምፅ ይቆረጣል። ዘግይቶ ከተነሳ አ የሚመታው ገና ያልተጫነ ክር ነው። ከ1ኛ ወደ 5ኛ ፍሬት ያለው ዝላይ ሩቅ ስለሆነ እሱን ለብቻው ደጋግሙት። ክራር በድርደራ የምትጫወቱ ከሆናችሁ ቅኝቱን ጣታችሁ ስለሚያውቀው ከዚህ በኋላ የራሳችሁን ሐረግ መዘርጋት አይከብዳችሁም።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

እጁ በየዙሩ ብድግ ብድግ ይላል፦ ጣቶቹ ክሩን ወደ ላይ እየጎተቱት ነው። የመምቻ አቅጣጫቸው ወደ መዳፍ ይሁን።

ከሦስቱ የአንዱ ድምፅ ቀጥኖ ይሰማል፦ ብዙ ጊዜ አ ነው፤ በጥፍር ብቻ እየመታ ነው። ሥጋና ጥፍር አብረው ክሩን እንዲነኩ ጣቱን ጥቂት አስጠጉት።

ትንሿ ጣት ተወጥራ ቆማለች፦ ቀለበት ጣትን ይዛዋለች። ከእሱ ጋር ተጠግታ አብራው ትሂድ።

1ኛው ክር ላይ ብቻ የሚሠራ ትሬሞሎ፦ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።

ሕመምን በተመለከተ

ጡንቻ መድከምና ሕመም ይለያያሉ። ክንዳችሁ ሞቅ ካለና ከከበደ እጃችሁን አውርዳችሁ አንድ ደቂቃ አርፉ። የሚወጋ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም ጣት አልታዘዝ ማለት ከመጣ ግን የዚያን ቀን ልምምድ አቁሙ፤ በማግስቱም ካለ ሐኪም ያየው። «ታግሼ ልለፈው» አትበሉ። በሕመም ላይ የተለማመደ እጅ ውጥረቱን ነው የሚማረው።

የቀን አከፋፈል

በአጠቃላይ 20 ደቂቃ፣ ሁለት ቦታ ተከፍሎ። ጠዋት 10፦ ሦስት ደቂቃ ማረፍ (ደረጃ 3)፣ ሁለት ደቂቃ በጨርቅ፣ አምስት ደቂቃ ጫና ማዘዋወርና ረጅም አጭር። ማታ 10፦ መሰላሉ፣ ፍንዳታው፣ በመጨረሻ ትዝታው። አንድ ሰዓት በአንዴ ከተቀመጣችሁ የመጨረሻውን 40 ደቂቃ የምትለማመዱት በደከመ እጅ ነው። ማረፉን 100 ላይ ብትደርሱም አትተዉት።

በየሳምንቱ አንድ ቀን መርጣችሁ 30 ሰከንድ ቅረጹ፤ የፋይሉ ስም ላይ ቀኑንና የሜትሮኖሙን ቁጥር ጻፉ። ቁጥሩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ካልተነሳ መሰላሉን አቁማችሁ በግማሽ ፍጥነት ስሙትና ክፍተቱ ከየትኛው ጣት በኋላ እንዳለ ፈልጉ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ልምምድ ከዚያ ጣት ይጀምራል።